ያልመጣውን ሰው ማን አየው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ «አንብበህ ተቃጠል» ብሎ ጨምሮበታል። ጽሑፉ የሚያጥላላው ሠራተኛን፣ ሥራንና ድርጅትን ስለማስተዳደር የሚሠሩ ጥናቶችን ነው። ጸሐፊው ሃያ ዓመት በሰው ሀብት አስተዳደር የቆዩ ሰው ናቸው። ብዕራቸው ይጥማል። ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ዋናው ነገር ላይ ግን ተሳስተዋል ባይ ነኝ፤ ለዚህ ነው መልስ የምጽፈው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ጥናቶች የሚነግሩን አያቶቻችን በተረት የጨረሱትን ነው። ሁለተኛ፣ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ሰው አያውቁትም። ሦስተኛ፣ ሞክረናቸው አይተናል፤ ቢፒአር፣ ውጤት ተኮር፣ ካይዘን የሚባሉ የአሠራር ማሻሻያዎችን እያመጣን ከርመን የተረፈን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። አራተኛ፣ አጥኚዎቹ በሕይወታቸው አንድ ዘበኛ ቀጥረው አያውቁም፤ ሥራው የሚታወቀው በሥራ ነው። አምስተኛ፣ ጥናቱ ራሱ ውሸት ይበዛዋል፤ ለማዕረግ ተብሎ የሚጻፍ ነው።

(ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጨረሻው ልጀምር። እዚያ ላይ ጸሐፊው ብዙ እውነት አላቸው።

ማጭበርበር አለ። በ2012 አንድ ስመ ጥር መጽሔት ላይ ስለ ሐቀኝነት የሚያወራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሰው ቅጽ ሲሞላ ፊርማው ከግርጌ ሳይሆን ከላይ ቢሆን ውሸቱ ይቀንሳል የሚል ነው። ብዙ ቦታ ተጠቀሰ። በ2021 ከውስጡ ያሉ የመኪና ኢንሹራንስ ቁጥሮች የተፈበረኩ እንደሆኑ ተጋለጠ፤ መጽሔቱም ጥናቱን ሰረዘው። ስለ ሐቀኝነት በተጻፈ ጥናት ውስጥ ውሸት! ከአጥኚዎቹ አንዷ የሆኑት የሃርቫርድ ፕሮፌሰርም በጥናቶቻቸው ላይ በተነሳ ክስ በ2025 ቋሚ የመምህርነት መብታቸውን ተነጥቀዋል። እሳቸው ክሱን አይቀበሉም።

ሩቅ ሳንሄድ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ለስድስት ዓመት የአንድ ልብስ ፋብሪካ ፐርሶኔል ነበርኩ። ስሙ ይቅር። አንድ የሥራ ባልደረባችን ማስተርሱን ሲጨርስ የመጠይቅ ወረቀት ክምር ይዞ መጣ። «በጣም አልስማማም» ከሚለው እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሳጥን ያለው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ወረቀት ነው። ነገ ማስረከብ አለበት። «በናታችሁ ቶሎ ቶሎ ቲክ አድርጉልኝ» አለን። እኔ ክበብ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ለሦስት ሰው ሞላሁ። እንዳይታወቅ እስክሪብቶ ቀያይሬያለሁ። ልጁ ተመረቀ። መደምደሚያውም «ተነሳሽነት በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ጉልህ አዎንታዊ ተጽዕኖ አለው» የሚል ነበር። ተጽዕኖውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ጥናት መደርደሪያ ማሞቂያ ነው» ሲሉ አልከራከርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያንን የሃርቫርድ ጉድ ማን አወጣው? ሌሎች አጥኚዎች። የቁጥሩን ፋይል ከፍተው አንድ በአንድ አገላበጡት። በእኛ መሥሪያ ቤቶች በዓመት ስንት «የአፈጻጸም ሪፖርት» ይቀርባል? ከመካከላቸው ሰው ከፍቶ አይቶት «ይሄ ሐሰት ነው፣ ይሰረዝ» የተባለ አንድ ታስታውሳላችሁ? እኔ አላስታውስም። ውሸት ሁለቱም ጋ አለ። አንደኛው ጋ ግን የሚፈትሽ ሰው አለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው፣ «ይሄማ የታወቀ ነው» ወደሚለው።

ተረቶቻችንን እወዳለሁ። ችግሩ ለሁሉም ወገን ተረት መኖሩ ነው። ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ስህተት ሲያይ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። ሁለቱም የአያቶቻችን ናቸው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ትክክለኛውን መምዘዝ ቀላል ነው። ከባዱ ቀድሞ መናገር ነው።

እስቲ አብረን እንሞክረው። አንድ ቀጣሪ አዲስ አበባ ላይ የቢሮ ሠራተኛ ይፈልጋል። «መጥቶ ለሚያመለክት ሰው ትንሽ ገንዘብ እከፍላለሁ» ቢል ማን ይመጣል? እኔ ይህን ጥያቄ ሰው ሀብት ክፍል ለሚሠሩ ሁለት ጓደኞቼ አቀረብኩ። አንደኛዋ ሳትጨርስልኝ «ሥራ ፈት ነዋ! ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል» አለች። ሁለተኛው ጭንቅላቱን ነቀነቀላት። እኔም ጥናቱን ባላነብ ኖሮ እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩ በእርግጥ ተሞክሯል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ኤስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሞክረውት በ2021 አሳተሙት። ትንሿ ክፍያ የሳበችው ይበልጥ ብቃት ያላቸውን አመልካቾች ሆነ። ለምን? ማመልከት ራሱ ውድ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይኖርብኝም። ከሰሚት ወይ ከጀሞ ተነስቶ ታክሲ መሰለፍ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንገት አስግጎ መገልበጥ፣ «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዞ በአካል መቅረብ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደግሞ በነጋታው «ምዝገባው አልቋል» መባል። አጥኚዎቹ እንዳገኙት ይህ ወጪ ጎበዞቹ ላይ ይበረታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ቀጣሪዎችን ራሳቸውን «ምን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ቀጣሪዎቹ የክፍያውን ጥቅም አሳንሰው ገመቱት። የሥራው ባለቤቶች ናቸው እኮ! ጸሐፊው «ልምድ» የሚሉት ነገር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለምን ተሳሳቱ? አንድ ቀጣሪ በሃያ ዓመት የሚያየው የመጣውን አመልካች ነው። የታክሲ አጥታ ቤቷ የቀረችውን ጎበዝ ልጅ አይቷት አያውቅም። ስለማያውቃት ደግሞ አትናፍቀውም።

የእኔም ልምድ እንደዚሁ ነበር። ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ይኖራል። ልጆቹ ጋውናቸውን አጣጥፈው፣ መታወቂያቸውን ከላይ አድርገው ክሊራንስ ሊጨርሱ ይመጣሉ። ቅጹ ላይ «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ። ሁሉም «በግል ጉዳይ» ብለው ይጽፋሉ። መጻፍ ለሚቸግራት ደግሞ እኔ ራሴ «በግል ጉዳይ» ብዬ እጽፍላታለሁ። ወር ሲያልቅ ደምሬ ለአለቃዬ አቀርባለሁ። «የለቀቁበት ዋነኛ ምክንያት፦ የግል ጉዳይ»። አለቃዬም «ትዕግሥት የላቸውም» ይል ነበር። እኔም አምን ነበር። ከዚያ በር ወጥተው የት እንደሚሄዱ አንድም ቀን አልተከተልኩም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ አጥኚዎች ግን ተከተሉ። አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋ ሥራ ፈልገው የመጡ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ መደቡ፤ ዕጣው ቡድኖቹ ከመነሻው እንዲመሳሰሉ ነው። አንዱ ቡድን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ። ሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። አጥኚዎቹ ራሳቸው የፋብሪካ ሥራ ኑሮ ያሻሽላል ብለው ነበር የጠበቁት። ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአራት ሦስቱ ወጥተው ነበር። የፋብሪካው ገቢ ውጭ ከሚገኘው የቀን ሥራና ንግድ አልበለጠም። በዚያ ላይ ከባድ የጤና እክል ጨመረ። 300 ዶላሩን የወሰዱት ግን ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ብላትማንና ደርኮን ተሳስተን ነበር ብለው በ2017 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጻፉ።

ታዲያ የእኔ «ትዕግሥት የላቸውም» ምን ሆነ? ልጆቹ ሒሳብ ነው የሠሩት። እኛ ነን ሒሳባቸውን ያላየነው።

ለእኔ የማይመቸውንም ልጨምር። እነዚሁ አጥኚዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲለኩ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ አገኙት። የ300 ዶላሩም ብልጫ ቀረ። «ለወጣቱ ብር በትኑ» ብሎ የመጀመሪያውን ውጤት ይዞ የሮጠ ሰው ቢኖር አፍሯል ማለት ነው። ይህንንም በተረት አናገኘውም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «የፈረንጅ ነው»። እዚህም የምሰጣቸው አለ። አስተዳደር የተማረ ሁሉ ሆፍስቴድ የሚባል ሆላንዳዊ ገጥሞታል። የአገሮችን ባህል በቁጥር ያስቀመጠ ሰው ነው። መረጃውን የሰበሰበው ከአንድ ኩባንያ፣ ከአይቢኤም ሠራተኞች ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ። የእኛ ቁጥር ደግሞ ለብቻው አልነበረም። ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ምሥራቅ አፍሪካ» አላቸው። የያኔው የአይቢኤም ሠራተኛ የጎጃምን ገበሬ ልጅ ወይም የመርካቶን ነጋዴ ይወክላል? አይወክልም። ይህን ቁጥር ዛሬም ድረስ «የኢትዮጵያ የሥራ ባህል» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ጸሐፊው በእነዚህ ቢስቁ ደስ ይለኛል።

ግን ከላይ ያነሳኋቸው ሁለት ጥናቶች የት ነው የተሠሩት? እዚሁ፣ በእኛው ሰው ላይ። ሌላም አለ። አጥኚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ቡድን ወደ መሀል ከተማ ለመመላለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አሠልጥነው፣ ፈትነው፣ ችሎታውን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም መደበኛ ሥራ ለማግኘት ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ፋይዳ ተኖ ጠፋ። ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከእነሱም ይበልጥ የተጠቀሙት ያለዚያ የሥራ ዕድላቸው ጠባብ የነበረው ናቸው። በእኛ ከተማ «ሰው የሌለው ሰው» የምንላቸው ማለት ነው። ወረቀቷ እንደ ሰው ሆነቻቸው። ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው?

ከአህጉራችንም ሌላ አለ። ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮጀር የናይጄሪያን ሲቪል ሰርቪስ አጠኑ። ከ4,700 በላይ የመንግሥት ፕሮጀክቶችን አንድ በአንድ ተከታትለው የትኛው አለቀ፣ የትኛው ቀረ ብለው መዘገቡ። ሠራተኛው በራሱ የሚወስንበት ነፃነት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ብዙ ፕሮጀክት ይጨርሳሉ። ቁጥጥርና ማበረታቻ ያበዙት ደግሞ ያንሳሉ። ይህ በዕጣ የተሠራ ሙከራ ስላልሆነ መንስኤው ያለጥርጥር ይህ ነው አልልም። ግን አንድ ለአምስት ተደራጅቶ በየሳምንቱ ግምገማ የተቀመጠ፣ ቅጽ ሲሞላ ሥራው ያደረበት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል ብዬ እገምታለሁ።

ሦስተኛው፣ ቢፒአር። ጸሐፊው እዚህ ላይ ደማቸው ይፈላል፤ የእኔም ይፈላል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተብሎ በየቢሮው ግድግዳ ፈርሶ ካውንተር ሲሠራ፣ ሰው «ምደባ» እየጠበቀ እንቅልፍ ሲያጣ አይተናል። ግን ይህን የጥናት ጥፋት ብሎ ማስመዝገብ የተሳሳተ ሰው መክሰስ ነው። ቢፒአር የመጣው ከአማካሪዎች መጽሐፍ ነው፤ ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ በ1993 ካወጡት። ሁለቱ ሰዎች እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ በሳይንሳዊ መንገድ ያልተሠራ ግምታችን ነው ብለው፣ ከሞከሩት ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የተመኙትን ትልቅ ለውጥ አያገኙም ብለዋል። ሻጩ ራሱ ነው የሚናገረው! እኛ ግን አንዱን ቢሮ ከሌላው ሳናነጻጽር ከላይ እስከ ታች ዘረጋነው። ሁሉም ቢሮ ስለገባበት ደግሞ ያልገባበት ቢሮ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ማንም ሊነግረን አይችልም። ቢፒአርን ያጎደለው ጥናት መብዛቱ አይደለም።

ካይዘንን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴውን፣ ከዚህ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ባይከቱት ጥሩ ነበር። እሱ ቢያንስ ከ2009 እስከ 2011 በጃፓኖች እገዛ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ ነው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው። እኛ ፋብሪካ ሲገባ ያመጣው ነገር ቀላል ነው። የመቀስ ሰሌዳ። የእያንዳንዱ መቀስ ቅርጽ እንጨት ላይ ተሥሎ፣ መቀሱ እዚያው ላይ ይሰቀላል። የጎደለ ካለ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት «መቀሴን ማን ወሰደ?» ጭቅጭቅ ነበር። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲያ ጭቅጭቁ ቆመ። በኋላ የሱፐርቫይዘሩ ቦታ በሌላ ሰው ተተካ። ሰሌዳው አለ፣ መቀሱ የለም።

ይህ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። አራተኛውን ነጥብ የምመልሰውም በዚሁ ነው።

ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሕንድ ውስጥ፣ ሙምባይ አካባቢ፣ ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ድርጅቶችን ወሰዱ። ባለቤቶቹ ለዓመታት በሥራው ውስጥ የኖሩ ናቸው፤ ዘበኛም ቀጥረዋል፣ መቶ ሰውም ቀጥረዋል። መጋዘናቸው ውስጥ ግን ክሩ ያለ ምልክት ተከምሮ ይበሰብስ ነበር። የትኛው ማሽን ለምን እንደቆመ የሚመዘግብ የለም። በዕጣ ለተመረጡት ፋብሪካዎች አማካሪ ተልኮ 38 ተራ ነገር እንዲሠሩ ታገዙ፤ ብልሽት መመዝገብ፣ ዕቃ መለየት፣ ጠዋት ተሰብስቦ የትናንቱን ማየት። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው በ17 በመቶ አደገ። ታዲያ ለምን ቀድመው አላደረጉትም? ብዙዎቹ ስለማያውቁት፣ ሲሰሙትም ትርፍ ያመጣል ብለው ስላላመኑ። «የእኛ ጥራት ምንም አይልም» ባዮች ነበሩ።

አጥኚዎቹ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመለሱ። ከጀመሯቸው አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተዋል። አንዱ ምክንያት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መቀየሩ ነው። የእኛ መቀስ ሰሌዳ! ያም ሆኖ ካልታገዙት ፋብሪካዎች ጋር የነበረው ልዩነት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ሲሉ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ብዙ ፕሮፌሰር ሠራተኛ ሲያባርር እጁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የሰው እናት ቢሮው ድረስ መጥታ አልቅሳበት አታውቅም። ያንን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው፤ ምን ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀውም እሱ ነው። መልሱን ግን ከቢሮው ወንበር ሆኖ ሁልጊዜ አያየውም።

ለዚህ የራሳቸው ምሳሌ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል ሽልማት ጀምረው ፎቶ በር ላይ መስቀላቸውን፣ በዚያው ዓመት የሚለቅ ሰው በጣም መቀነሱን ጽፈዋል። «የትኛው ፕሮፌሰር ነገረኝ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጠይቅ። 2012 ዓ.ም ምን ነበር? መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ሆቴሎች ተዘጉ፣ ቅጥር ቆመ። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት እኛም ጋ ክሊራንስ የሚሞላ ጠፍቶ ነበር። እኛ ግን ፎቶ አልሰቀልንም።

ምናልባት ፎቶው ሠርቶ ይሆናል። ከልቤ ነው የምለው፤ ሰው ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል። ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም።

ጸሐፊው ሦስት ቅርንጫፍ እንደሚያስተዳድሩ ጽፈዋል። እንግዲህ ስማቸውን በሦስት ቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፣ ይጠቅልሉ፣ ያንዷን ዕጣ ያውጡ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕጣ የወጣበት ቅርንጫፍ በር ላይ ያለው ፎቶ ለአንድ ዓመት ይውረድ፤ የሁለቱ እንደተሰቀለ ይቆይ። በየወሩ የለቀቀውን ሰው ይቁጠሩ። ሦስት ቅርንጫፍ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ካሁኑ ግን ይሻላል። ክሊራንስ ቅጹ ላይ ደግሞ «በግል ጉዳይ» የሚለውን አይቀበሉ፤ ሦስት ወር ቆይተው ስልክ ይደውሉላቸውና የት እንደገቡ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው ይጠይቁ። ፎቶው ከወረደበት ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው ለቆ ከተገኘ ቁጥሩን ይላኩልኝ። ስለ ፎቶው የጻፍኩትን ራሴ እሰርዘዋለሁ፤ ለአራቱም ወዳጆቼ መልሼ እልክላቸዋለሁ።